ሕመሙ ለቀቀኝ ብሎ መቅረት

ይህ እዚህ እስራኤል፣ በኔታንያ ሰፈሮች በሄፍጺባና በአዞሪም፣ እንዲሁም በየከተማው ሆናችሁ ለምትከታተሉን ሁሉ ነው። የዛሬው የጤና ዝግጅታችን ስለ ድድ ነው። ጥርስ ሲቦረሽ ብቻ ስለሚታይ ቀላል መድማት አይደለም የምናወራው። ለዓመታት ሥር የሰደደ የድድ በሽታ ባለበት አፍ ላይ ድንገተኛ ኃይለኛ ኢንፌክሽን ሲነሣ ሕክምናው ምን እንደሚመስል ነው።

የሚያሳስበኝን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሰው ድዱ አብጦበት ሌሊቱን ሲቃትት ያድርና ጠዋት ሐኪም ጋ ይሄዳል። መድኃኒት ይታዘዝለታል። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ጋብ ይላል፤ በአምስተኛው ቀን እንጀራውን እንደ ልቡ ይበላል። ከዚያ ቀጠሮው ይቀራል። ዓመት ሳይሞላ እዚያው ጥርስ ላይ እብጠቱ ይመለሳል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከተመላለሰ በኋላ ጥርሱ ይነቃነቅና ይነቀላል፤ ቤተሰቡም «ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው» ይላል። እርጅና አይደለም። መድኃኒቱ ያጠፋው ድንገተኛውን ኢንፌክሽን ነው፤ ከሥር ያለው በሽታ ገና አልተነካም ነበር። ሕመሙ የለቀቀበት ቀን ዋናው ሕክምና የሚጀመርበት ቀን ነው።

ከድንገተኛው ልጀምር፤ ሰውን ከቤቱ የሚያወጣው እሱ ነውና። ሁለት መልክ አለው። አንደኛው መግል የቋጠረ እብጠት ነው። በጥርስና በድድ መካከል በተፈጠረ ጥልቅ ኪስ ውስጥ ባክቴሪያው ይታፈንና መውጫ ያጣል፤ ድዱ አንድ ቦታ ላይ ክብ ሆኖ ያብጣል፣ ሲጫኑት መግል ያወጣል። ጥርሱ ከሌሎቹ ከፍ ያለ ይመስላል፤ አፍ ሲገጠም ቀድሞ የሚነካው እሱ ስለሆነ ማኘክ አይቻልም።

ሁለተኛው ድዱ ራሱ የሚሞትበት ነው። በጥርስና በጥርስ መካከል ያለችው ሹል የድድ ጫፍ የተቦጨቀች ይመስል ትጎደጉዳለች። ላይዋ ግራጫ ስስ ሽፋን ይለብሳል፤ ሽፋኑ ሲነሣ ይደማል። ሕመሙ ብርቱ ነው፣ ድዱ ሳይነኩት ይደማል፣ ሽታው ባለቤቱንም አብሮት ያለውንም ያሳቅቃል። እናቶቻችን የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ሲያወሩ ጨዋነት ብቻ ይመስለናል። አንዳንዴ ግን ሽታውን እየሸፈኑ ነው፤ ልጆች ይህን ብታስተውሉ መልካም ነው።

ይህን ሁለተኛውን ዓይነት የሚያመጡትን ባክቴሪያዎች ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ያሳንት ቨንሳን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1890ዎቹ ገልጿቸዋል። በሽታው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ የነበሩ ወታደሮችን በብዛት አሠቃይቷል፤ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ ሲጋራ፣ ጥርስ የማይጸዳበት ኑሮ አንድ ላይ ሲገጥሙ ይበረታል። ምግብ ያነሰው ወይም የሰውነት መከላከያው የተዳከመ ሰውም ይጠቃል። ዛሬም ቢሆን ወጣት ልጃችሁ ዘብ ላይ እያደረ፣ ሲጋራ ወይም ናርጊላ እያጨሰ ከርሞ ድዱ በድንገት ቢቆስልና ቢሸት፣ ከስንፍና ቆጥራችሁ አትቆጡት። ወደ ሐኪም ይዛችሁት ሂዱ።

በኢትዮጵያም ሆነ በሌላው አፍሪካ፣ በምግብ እጥረትና በሌላ በሽታ የተዳከመ ሕፃን ላይ ይኸው የድድ ቁስለት ከባድ መዘዝ አለው። ኖማ ወደሚባለው በሽታ ያልፍና ጉንጭንና አጥንትን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበላል። ካልታከመ ከሚያዙት ሕፃናት እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት ይሞታሉ። በሕይወት የሚተርፉት ፊታቸው ተጎድቶ ይኖራሉ፤ ፌሲንግ አፍሪካ የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት የቀዶ ሕክምና ቡድኖችን ወደ ኢትዮጵያ ሲልክ የኖረው ለእነሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው በታኅሣሥ 2023 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በእኔ እምነት እጅግ የዘገየ እውቅና ነበር። ይህን ያነሣሁት እዚህ ያለ ሰው እንዲህ ይሆናል ብዬ ላስፈራራችሁ አይደለም። ቀድሞ ሲታከም በቀላሉ የሚድን፣ ሲዘነጋ ግን የሚከፋ በሽታ መሆኑን እንድታውቁት ነው።

አሁን ቀጠሮ የማይጠበቅበትን ሁኔታ ልንገራችሁ። ምራቅ እንኳ መዋጥ ካቃተ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ከምላስ ሥር ያለው ቦታ አብጦ ምላስን ወደ ላይ ከገፋ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ እብጠቱ ወደ ዐይን ወይም ወደ አንገት ከተስፋፋ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ይህ የጥርስ ጉዳይ መሆኑ አብቅቷል። የአምቡላንስ አገልግሎቱን ማጌን ዳዊት አዶምን በ101 ጥሩ፤ ወይም እዚህ ኔታንያ ወዳለው ላንያዶ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ዓርብ ማታ ከሆነም እንደዚያው አድርጉ። ሰንበት ነው ብለው እስከ ቅዳሜ ምሽት ሕመሙን ችለው የሚያድሩ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ሕይወት ማዳን ሰንበትን ይሽራል። ላንያዶ ራሱ በሃይማኖት ሥርዓት የሚመራ ሆስፒታል ነው፤ ድንገተኛ ክፍሉ በሰንበትም ይሠራል። ያበጠ አንገት እስከ ሰንበት መውጫ አይጠብቅም።

እንዲህ ያለ ምልክት ከሌለ፣ ሐኪም ጋ እስክትደርሱ ድረስ ቤት ውስጥ ምን ይደረግ? ለብ ባለ ውኃ ላይ ጥቂት ጨው በጥብጦ መጉመጥመጥ ጥሩ ነው። አካሞል (ፓራሲታሞል) ወይም ሐኪም የፈቀደላችሁን ማስታገሻ ዋጡ። ነገር ግን ነጭ ሽንኩርት ወቅጣችሁ ያበጠው ድድ ላይ አታሳድሩ፤ አስፕሪንም እንክብሉን ድድ ላይ አታስቀምጡ። ሁለቱም ሥጋውን ያቃጥሉታል። ሐኪሙ ሲያየው የበሽታውን ቁስልና የቃጠሎውን ቁስል መለየት ይቸግረዋል። በአረቄ መጉመጥመጥም ለቆሰለ ድድ ሕመም ከመጨመር በቀር የሚፈይደው የለም።

የመጀመሪያው የሐኪም ቀን አጭር ነው። መግል ካለ ይወጣል፤ በኪሱ በኩል ወይም በትንሽ ቀዳዳ ይፈስሳል፣ ውስጡ ይታጠባል። መግሉ ሲወጣ ሕመሙ ወዲያው ይቀላል። የቆሰለ ድድ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ወይም ሺናኒቷ፣ ማለትም የጥርስ ጽዳት ባለሙያዋ፣ ያን ግራጫ ሽፋንና በጥርሱ ላይ የተጋገረውን ቆሻሻ ቀስ ብለው ያነሣሉ፤ የሚያምበትን ያህል ብቻ፣ የቀረውን በሚቀጥሉት ቀናት። ለጥቂት ቀን ብሩሽ ስለማያስነካ ክሎርሄክሲዲን ያለበት መጉመጥመጫ በቀን ሁለት ጊዜ ይታዘዛል። ጥርስን ቡናማ ያደርጋል፤ ሲጸዳ ይለቃል፣ አትደንግጡ። ሐኪሙ ካለው ጊዜ በላይ ግን አትጠቀሙበት።

አንቲባዮቲክ ሁልጊዜ አይታዘዝም። መግሉ ከወጣ፣ ትኩሳት ከሌለ፣ እብጠቱ ካልተስፋፋ፣ ጽዳቱ ብቻውን ሊበቃ ይችላል። «መድኃኒት ሳይሰጠኝ መለሰኝ» ብላችሁ ሐኪሙን አትውቀሱት። ትኩሳት ካለ፣ የአንገት ንፍፊት ካበጠ፣ ወይም ሰውነቱ የተዳከመ ሰው ከሆነ ግን ይሰጣል፤ ለቆሰለው ድድ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ሜትሮኒዳዞል ነው። እናንተ በፍላጂል ስሙ ታውቁታላችሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ አሜባና ጃርዲያ ያልያዘው፣ ፍላጂል ያልዋጠ ሰው ማግኘት ይቸግራል።

የዚህ መድኃኒት ወደ ድድ መምጣት ታሪክ አለው። በ1962 ዴቪድ ሺን የተባለ እንግሊዛዊ የጥርስ ሐኪም ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አጭር ጽሑፍ አወጣ። አንዲት ታካሚ ለማህፀን አካባቢ ኢንፌክሽን ሜትሮኒዳዞል ታዝዞላት ስትወስድ የቆሰለ ድዷም አብሮ ዳነላት። አንዲት ሴት በራሷ ሰውነት ላይ ያየችውን ለሐኪሟ መናገሯ፣ ሐኪሙም ነገሩን ሳይንቅ መስማቱ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው የዳነበትን ሕክምና ከፈተ። እናንተም የተሰማችሁን ሁሉ ለሐኪም ንገሩ።

ግን መሳቢያ ውስጥ የተረፈ ፍላጂል አለ ብላችሁ በራሳችሁ አትጀምሩት። ኩማዲን የምትወስዱ ከሆነ ሜትሮኒዳዞል የደም ማቅጠኛውን ኃይል ስለሚያበረታው ደም ሊፈስሳችሁ ይችላል። ጠላም ይሁን አረቄ መድኃኒቱ እስኪያልቅና ከዚያም በኋላ ለሁለት ቀን ያህል ይተው። ከአሞክሲሲሊን ጋር ተደርቦ የሚታዘዝበት ጊዜ አለ፤ ፔኒሲሊን የማይስማማችሁ ከሆነ ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ እናንተ ቀድማችሁ ተናገሩ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር መጣን። አንቲባዮቲኩ ተውጦ፣ ሕመሙ ለቆ፣ አፉ ሲሸት የነበረው ሰው ደስ ብሎታል። የቀረው ግን የተዳፈነ እሳት ነው፤ ጎንደር ያደጋችሁ እናቶች ማታ ፍሙን በአመድ አዳፍናችሁ ጠዋት ቆስቁሳችሁ እንደምታነድዱት፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ባክቴሪያም የሰውነት ድካም ሲያገኝ እንደገና ይቀጣጠላል። ባክቴሪያው ከጥርሱ ሥር ላይ ከጠጠረው ቆሻሻ፣ እዚህ አቭኒት ከሚሉት ጋር ተጣብቆ ይኖራል። እዚያ ውስጥ የሚዋጥ መድኃኒት እንደሚገባው አይደርስም። በእጅ መነሣት አለበት። የአውሮፓ የድድ ሐኪሞች ፌዴሬሽን በ2020 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የድድ በሽታ የሚዋጥ አንቲባዮቲክን እንደ ተለመደ ነገር ማዘዝን አይደግፍም፤ ለተመረጡ ሕመምተኞች፣ ያውም ከጥልቅ ጽዳቱ ጋር ተያይዞ ነው።

ጥልቅ ጽዳት ስንል ምን ማለታችን ነው? መጀመሪያ ልኬት አለ። ሐኪሙ ወይም ሺናኒቷ ጫፉ የደነዘ፣ ሚሊ ሜትር የተሰመረበት ቀጭን መለኪያ ይዘው በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ ስድስት ቦታ ላይ ቀስ ብለው ያስገባሉ። ቁጥሩን በዕብራይስጥ ጮክ ብለው ይጠራሉ፤ ሌላዋ ትመዘግባለች። ጆሯችሁን ከፍታችሁ አዳምጡ። ሽታይም፣ ሻሎሽ (ሁለት፣ ሦስት) ሲሉ ደህና ነው፤ ጤነኛ ድድ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። አርባ፣ ሐሜሽ (አራት፣ አምስት) ሲሉ በሽታ ጀምሯል። ሼሽ፣ ሼቫ፣ ሽሞኔ (ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት) ከተባለ ኪሱ ጥልቅ ነው፣ ጥርሱን የያዘው አጥንት እየተበላ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ምንም ላያምም ይችላል፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ቁጥራችሁን ጠይቁ፤ ስኳራችሁንና ደም ግፊታችሁን እንደምታውቁ የድዳችሁንም ልኬት ማወቅ ይገባችኋል።

እዚህ ላይ ለእናቶቻችን የተለየ ነገር አለኝ። ከጎንደርም ከትግራይም የመጡ ብዙ ሴቶች ድዳቸውን የተነቀሱ ናቸው። ያማረ ንቅሳት ነው፤ ማንም ሊያፍርበት አይገባም። ነገር ግን ሐኪም የድድን መቆጣት መጀመሪያ የሚያየው በመቅላቱ ነው። ጥቁር ሰማያዊ በሆነ ድድ ላይ መቅላት አይታይም። ንቅሳት አይቶ የማያውቅ ሐኪም ላይ ላዩን ተመልክቶ ደህና ነው ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ እማማ፣ ልጅሽ ወይም አስተርጓሚው እንዲህ ይበልልሽ፦ «ድዷ የተነቀሰ ነው፤ በቀለሙ አትፍረዱ፣ በመለኪያ ለኩላት፣ ፎቶም አንሡላት።» የአጥንቱን መጠን የሚያሳየው ራጅ ነው። የሚያጨሱ ሰዎችም እንዲሁ ይታለላሉ፤ ሲጋራ የድድን መድማት ስለሚቀንሰው በሽታው እየገፋ ሳለ ድዱ ደህና ይመስላል።

ከልኬቱ በኋላ አፉ እየደነዘዘ፣ ብዙ ጊዜ በሁለት ወይም በአራት ቀጠሮ ተከፋፍሎ፣ ከድድ በታች ያለው የጥርስ ሥር ይጸዳል። ለጥቂት ቀን ጥርስ ቅዝቃዜ ይሰማዋል። ድዱ እብጠቱ ሲጎድል ወደ ጥርሱ ሥር ስለሚሸሽ ጥርሱ የረዘመ ይመስላል፤ ሐኪሙ አበላሸው እንዳትሉ፣ መዳኑ ነው። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ እንደገና ይለካል። ኪሱ ካልጠበበ በቀዶ ሕክምና ድዱ ተከፍቶ ይጸዳል። ሁሉም ጥርስ ይተርፋል ማለት አይደለም፤ አጥንቱ ያለቀበት ጥርስ መነቀሉ ለጎረቤቱ ይጠቅማል። ከዚያ ወዲያ በየ3 ወሩ ወይም ሐኪሙ በወሰነው ጊዜ ወደ ሺናኒት መመለስ አለ፤ ዕድሜ ልክ።

የስኳር ሕመም ያለባችሁ በተለይ ስሙኝ። ወገኖቻችን ከኢትዮጵያ ሲመጡ ስኳር በሽታ እምብዛም አልነበረባቸውም፤ እዚህ በቆዩ ቁጥር ግን እየበዛ ሄደ። በ1998 የተመሠረተው ቴኔ ብሪኡት የተባለው ማኅበር ሥራውን የጀመረውም በዚህ ምክንያት ነው። ስኳር ያልተቆጣጠረ ሰው ድዱ በቀላሉ ይመረቅዛል፤ የመረቀዘ ድድ ደግሞ ስኳሩን ያስቸግራል። በ2022 የወጣ የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው፣ የድድ ጥልቅ ጽዳት ያገኙ የስኳር ሕመምተኞች በ3 ወይም በ4 ወር ውስጥ የሦስት ወሩ የስኳር ልኬታቸው በአማካይ በ0.4 የመቶኛ ነጥብ ያህል ወርዷል። አንድ ተጨማሪ ኪኒን ከሚያወርደው ብዙም የማይርቅ ነው። የስኳር ሐኪማችሁ ስለ እግርና ስለ ዐይን ይጠይቃችኋል፤ ስለ ድዳችሁ ካልጠየቀ እናንተ አንሡት።

ስለ መፋቂያም ልበል። በኢየሩሳሌም የሐዳሳና የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ተመራማሪዎች ከ1999 እስከ 2005 ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎችን ሲከታተሉ፣ በመጡበት ጊዜ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ጥርሳቸውን የሚያጸዱት በመፋቂያ ብቻ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ሁሉም ማለት ይቻላል ወደ ብሩሽ ዞረዋል፤ የጥርስ መበስበስ ግን ጨምሯል። ስኳሩ፣ ጣፋጩ፣ ለስላሳ መጠጡ መጥቶ ነዋ። የወይራ መፋቂያችሁን ጣሉ የሚላችሁን አትስሙ። ግን መፋቂያ በጥርስና በጥርስ መካከል አይገባም፣ በሽታው ደግሞ የሚጀምረው እዚያ ነው። ማታ ማታ በመካከል የምትገባውን ትንሽዬ ብሩሽ ጨምሩበት፤ የትኛው ውፍረት እንደሚሆናችሁ ሺናኒቷ ትነግራችኋለች።

ገንዘቡስ? ብዙ ሰው የሚቀረው በዚህ እንደሆነ አውቃለሁ። በ2010 የሕፃናት ጥርስ ሕክምና ኩፓት ሆሊም በሚባሉት የጤና መድን ድርጅቶች መሸፈን ሲጀምር እስከ 8 ዓመት ነበር፤ ከፍ እያለ ሄዶ በ2019 እስከ 18 ዓመት ደረሰ። በዚያው ዓመት ከ75 ዓመት በላይ ያሉ አረጋውያን ገቡ፤ በኋላም ዕድሜው ወደ 72 ዝቅ ብሏል። በመካከል ያለው ሠርቶ አዳሪው፣ የድድ በሽታ የሚጠናበት ዕድሜ ላይ ያለው፣ ከኪሱ ይከፍላል። ይህ ትክክል ነው ብዬ አላምንም፤ ድንገተኛውን በአንቲባዮቲክ አስታግሶ ሥሩን መተው ለመንግሥትም በመጨረሻ አያዋጣም። እስከዚያው ግን መንገድ ፈልጉ። ተጨማሪ ኢንሹራንስ ካላችሁ ከኩፓችሁ የጥርስ ክሊኒክ የጥልቅ ጽዳትን ዋጋ በጽሑፍ ጠይቁ። በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የጎልድሽሌገር የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ተማሪዎች በመምህራን ቁጥጥር ሥር ያክማሉ፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ጠይቆ ማየቱ ይበጃል፤ ከኔታንያ በባቡር ሩቅ አይደለም።

ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በከረጢት ያዙ፤ ስሙን ከማስታወስ ሳጥኑን ማሳየት ይሻላል። አስተርጓሚ ጠይቁ። የአሥር ዓመት ልጅ ስለ አያቱ ደም ማቅጠኛና ስለ መግል እንዲያስተረጉም አይላክ፤ ያፍራል፣ ያሳጥራል፣ ዋናውን ይዘለዋል። ለድንገተኛው ሕመም የሄዳችሁበት ቀን ደግሞ ከበሩ ሳትወጡ መዝጋቢዋ ጋ ቁሙና ለልኬትና ለጥልቅ ጽዳት የሚሆን ሁለተኛ ቀጠሮ ቀኑንና ሰዓቱን በወረቀት አጽፉ። ወረቀቱን ለልጆቻችሁም አሳዩ፤ ሕመሙ ቢለቅም እንዲያስታውሷችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ አረጋውያን ሰው ሠራሽ ጥርስ አያያዝ እናወራለን።